ዝም ያለው ቫልቭ

ኅዳር ላይ ነው። ራት በልተን ጨርሰናል፣ ትሪው ገና አልተነሳም። አራት የጭስ ማውጫ ቫልቮች ጋዜጣ ላይ ደርድሬ፣ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ እንዳይምታታብኝ ከሥራቸው ከ1 እስከ 4 ቁጥር ጽፌያለሁ። አባዬ መነጽሩን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ «የታመመው የቱ ነው?» አለኝ። ቁጥር 3ን አንስቼ ሰጠሁት። ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አገላበጠው። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄማ ደህና ነው» አለ።

ልክ ነው፣ ሲያዩት ደህና ነው። አልተቃጠለም፣ አልተሰነጠቀም፣ አልጎበጠም። ጥቀርሻውን ስጠርግለት እንደ አዲስ ማንኪያ ነው ያበራው። እኔ ግን ሞተር ውስጥ መልሼ እንደማልከተው ከወሰንኩ ሰንብቻለሁ። እሱን ብቻም አይደለም፣ ሦስቱን ጓደኞቹንም ጭምር። ምክንያቱን ለአባዬ፣ ለመካኒካችን፣ ለወንድሜ፣ ለጎረቤት ሳይቀር ለየብቻ ሳስረዳ ከረምኩ። አሁን ሥራው ስላለቀ አንዴ ልጻፈው። ቮልስ ያላችሁ፣ ወይም ሌላ አሮጌ መኪና ሞተሩን አውርዳችሁ «የድሮው ቫልቭ ይመለስ ወይስ አዲስ ይገዛ?» የሚለው ጥያቄ ላይ የቆማችሁ ሰዎች ትጠቀሙበት ይሆናል።

መኪናችን የ1967 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ ናት፤ ሞተሯ 1300 የሚባለው፣ በትክክል ሲለካ 1285 ሲሲ። አባዬ በ1974 ዓ.ም. ነው የገዛት፣ ያኔም አዲስ አልነበረችም። በአስተማሪ ደመወዝ ስንት ዓመት ዕቁብ ጥሎ እንደገዛት ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ፋርማሲስት ነኝ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ግን የዚህች መኪና ኮፈን በተከፈተ ቁጥር ባትሪ መብራት ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ወንድሞቼ ኳስ ሜዳ ናቸው፣ እኔ ከአባዬ ጋር ነኝ። እጄ ላይ የቀረው ያ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ሞተሩ ተዳክሞ ስለነበር አባዬ አሠራው። የሠራውን ሰው ስም አላነሳም። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ያኔ ሁሉም የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀየረ፣ ቫልቮቹን አጸዳ፣ ፈተገ፣ መልሶ ገጠመ። መኪናዋ ጉልበት አገኘች። መጀመሪያ እንደማንኛውም ቮልስ ጠክ ጠክ ትል ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። አባዬ ደስ አለው። እንግዳ ሲመጣ ሞተር እያስነሳ «ስሙት እስቲ፣ አሁን ገና ሞተር ሆነ» ይል ነበር።

አዲስ ዘመን ከተማ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነበር። እናቴ ከፊት፣ እኔና ወንድሜ ከኋላ። ማክሰኚት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከኋላችን አንድ ጊዜ «ቋ!» አለ። ቀጥሎ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የሚንገጫገጭ ዓይነት ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ሞተሩ ቀጥ። አባዬ መሪውን እንደያዘ ለትንሽ ጊዜ ምንም ሳይናገር ተቀመጠ። በአይሱዙ ተጎትተን ነው በምሽት አዘዞ የገባነው። ሲከፈት የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ራሱ ከዘንጉ ተቆርጦ ወድቋል። ፒስተኑ እየመታ እየመታ የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ጉድጓድ ቀጥቅጦታል፣ በመጨረሻ ፒስተኑን ራሱን በስቶታል። ያ የተበሳ ፒስተን ዛሬም እቤት አለ። አባዬ እስክሪብቶ ያስቀምጥበታል።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቆመች። ሥራ ይዤ የመጀመሪያ ደመወዞቼን ሳጠራቅም ነው እንደገና የተነሳችው። ያኔ ሌላ ቴስታታ ተገኝቶ ተገጠመ፤ ከሌላ መኪና የወረደ፣ ቫልቮቹም ከነበሩበት ሳይነኩ። ጊዜውን ሳሰላው፣ ቫልቮቹ ማርጀታቸውን ያኔውኑ ማወቅ ነበረብኝ። አላወቅኩም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ቫልቭ ማለት ትልቅ ጠፍጣፋ ራስ ያለው ሚስማር በሉት። ራሱ የሲሊንደሩን በር ይዘጋል፣ ዘንጉ ጋይድ በሚባል ቱቦ ውስጥ ይመላለሳል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት አለን። አንዱ ቤንዚንና አየር ያስገባል፣ ሌላው የተቃጠለውን ያስወጣል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ፤ ኑሯቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የማስገቢያው ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር ቀዝቃዛ አየርና ቤንዚን ያጥበዋል። የጭስ ማውጫው በተከፈተ ቁጥር እሳት ነው የሚያልፍበት። ጠንክሮ በሚሠራ ሞተር ላይ የራሱ ሙቀት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ብረት የሚቀላበት ሙቀት ነው። በዚያ ላይ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ሞላው ወደ መቀመጫው ይጥለዋል።

ታዲያ እንዴት አይቀልጥም? ተዘግቶ በሚቆይባት ቅጽበት ሙቀቱን ለመቀመጫው ስለሚያስረክብ ነው። ከሙቀቱ አብዛኛው በዚያ ቀጭን ቀለበት በኩል ወደ ቴስታታው ያልፋል፣ የቀረው በዘንጉ ወደ ጋይዱ ይሄዳል። ቫልቩ በደንብ ካልገጠመ፣ ወይም ጋይዱ ሰፍቶ ዘንጉ ከተወዛወዘ፣ የሙቀቱ መውጫ ተዘጋ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሲሊንደር ደግሞ ቮልስ ላይ የራሱ ጣጣ አለበት። ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። እንደኛዋ ባሉ የድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው አየሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፣ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ። ስለዚህ ሦስተኛው የሚደርሰው አየር ያነሰና አስቀድሞ የሞቀ ነው። ፋብሪካውም ይህን ያውቅ ነበር። በአንዳንድ ዲስትሪቢዩተሮች (የካንዴላውን እሳት ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ላይ የሦስተኛውን እሳት ከሌሎቹ ጥቂት ዲግሪ አዘግይቶታል። በኋላም በ1971 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከአየሩ መንገድ አውጥቶ ለብቻው ቤት ሠራለት። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ያው ቬንቲሌተር በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል። ከዚያ ዳገቱን ጨምሩበት።

አሁን ስለ ዝምታው። በሮከሩ (ቫልቩን ገፍቶ በሚከፍተው ክንድ) እና በቫልቩ ጫፍ መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። በእኛ ሞተር ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲለካ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሁለት ቀጫጭን ወረቀት ያህል። ያ ጠክ ጠክ የሚለው ድምፅ ከዚህ ክፍተት ነው የሚመጣው። ሞተር በሥራ ብዛት ሲያረጅ ሮከሩ ይበላል፣ የሚገፋው ዘንግ ጫፉ ይበላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ድምፁም ይጨምራል። ይህ የጤና እርጅና ነው። ክፍተቱ በራሱ ጊዜ ከጠበበ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቫልቩ ወደ ሮከሩ እየመጣ ነው ማለት ነው። ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። ወይ መቀመጫው እየተበላ ቫልቩ ወደ ውስጥ እየሰመጠ ነው፣ ወይ ደግሞ ዘንጉ በሙቀት ለስልሶ እንደ ማስቲካ እየተሳበ ነው። የተሳበ ዘንግ ይቀጥናል። የቀጠነ ዘንግ አንድ ቀን ይቆረጣል።

አባዬ በ1996 የወደደው ጸጥታ ይህ ነበር።

ስለዚህ እኔ ክፍተቱን በወር አንድ ጊዜ እለካለሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ። ቮልስ ላይ ሥራው ቀላል ነው። የቫልቭ ክዳኑ በብሎን አልታሰረም፣ በሽቦ ማቀፊያ ነው የተያዘው። ሽቦውን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ወደ ታች መጫን ነው፣ ክዳኑ ከነቡሽ ጓርኒሲዮኑ እጅ ላይ ይወድቃል። ከአንደኛው ሲሊንደር እጀምራለሁ። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ በግማሽ ግማሽ ዙር እየመለስኩ 2፣ 3፣ 4 እያልኩ እሄዳለሁ። 13 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ቀጫጭን ምላጮች)፣ በቃ። የለካሁትን ሁሉ የምጽፍበት ደብተር አለኝ።

ደብተሩ እንዲህ ይላል። ነሐሴ፦ ሦስተኛው የጭስ ማውጫ 0.10፣ ወደ 0.15 መለስኩት። መስከረም፦ እንደገና 0.10፣ መለስኩት። ሌሎቹ ሰባቱ ንቅንቅ አላሉም። ጥቅምት ላይ 0.05ቷ ምላጭ ራሷ አልገባ አለች። እጄን በጨርቅ ጠርጌ መኪናዋ ሥር እንደተንበረከክሁ ቆየሁ። የአዲስ ዘመኑ መንገድ ነው የመጣብኝ። ቁልፉን ወደ ቤት አስገባሁና ለአባዬ «ከዛሬ ጀምሮ አትነሳም» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ሞተር ከማውረዳችን በፊት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) አስለካን። አንደኛው 95፣ ሁለተኛው 90፣ አራተኛው 90፣ ሦስተኛው 60 ፒኤስአይ። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምረን ሦስተኛውን ደግመን ለካነው። ፋሻው ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ሸፍኖ ቁጥሩን ከፍ ያደርገው ነበር። 60 ላይ ቀረ። ስለዚህ የሚያፈሰው በቫልቩ በኩል ነው። ይህችን ሙከራ ማንም ሰው ጋራዥ ቆሞ ማሠራት ይችላል፣ ሞተር ይውረድ ሳይባል በፊት እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ።

መካኒካችን አዘዞ መንገድ ላይ ትንሽ ግቢ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቮልስ ሲሠሩ ኖረዋል። ሞተሩን ከአንድ ልጅ ጋር ሆነው አራቱን ብሎን ፈትተው ሲያወርዱት ሻይ እንኳን አልፈላም ነበር። ቴስታታዎቹ ወጡ፣ ሞላዎቹ ተፈቱ፣ ቫልቮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ጋሼ ቁጥር 3ን በጨርቅ ወልውለው ከዓይናቸው ከፍ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ገና ነው። ፈትጌ ልመልሰው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቤት ይዣቸው ልሂድ?» አልኳቸው።

ያ ምሽት ነው መጀመሪያ ያነሳሁት ምሽት። አባዬ «ደህና ነው» ካለኝ በኋላ ሦስት ነገር አሳየሁት።

መጀመሪያ ከፍሪጅ በር ላይ ማግኔት አመጣሁ። ዘንጉ ላይ ሳስጠጋው ጥብቅ አለ። ራሱ ላይ ሳስጠጋው ምንም። ተንሸራቶ ወደቀ። አባዬ ማግኔቱን ተቀብሎ ራሱ ሞከረው፣ ደገመው። ብዙ የጭስ ማውጫ ቫልቮች ከሁለት ዓይነት ብረት ተበይደው ነው የሚሠሩት። ራሱ ክሮሚየምና ኒኬል ያለበት፣ ሙቀት የሚችል፣ ማግኔት የማይስበው ብረት ነው። ዘንጉ ደግሞ ጋይድ ውስጥ ለመመላለስ የጠነከረ ተራ ብረት። ሁለቱ የተጋጠሙበት ቦታ ዘንጉ ላይ ነው፣ በዓይን አይታይም። ማግኔቱ ግን ድንበሩን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ከጓደኛዬ በተዋስኩት ማይክሮሜትር ዘንጉን ሦስት ቦታ ለካሁት። ላይኛው ጫፍ አጠገብ 7.91፣ መሃሉ 7.90፣ ወደ ራሱ ሲጠጋ 7.86 ሚሊ ሜትር። ጥፍሬን ከላይ ወደ ታች ሳንሸራትተው ትንሽዬ ደረጃ ላይ ተሰናከለች። አባዬም ጥፍሩን አስሄደበት። «አለ» አለ፣ «ትንሽ አለ።»

ሦስተኛው የኔ ፈጠራ ነው። የመስኮት መስታወት ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ። አራቱንም ቫልቮች ራሳቸውን ወደ ታች አድርጌ በተርታ አቆምኳቸው፣ እንደ አራት ወታደር። ከዚያ የብረት ማስመሪያ በጫፎቻቸው ላይ በጎኑ ጋደም አደረግሁ። እኩል ቢሆኑ ዝም ብሎ ይተኛ ነበር። ማስመሪያው ቁጥር 3 ላይ እንደ ሚዛን ዘንግ ተወዛወዘ። በአንደኛው በኩል ስጫነው በአራተኛው በኩል ይነሳል። ሥሩ የጋዜጣ ወረቀት ያልፋል። ቁጥር 3 ረዝሟል።

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። ማስመሪያውን በአንድ ጣቱ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ እያወዛወዘ ቆየ።

በማግስቱ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ቁጥር 3ን ለመጣል ወዲያው ተስማሙ። የተከራከርነው በቀሩት ሦስቱ ላይ ነው። «የታመመ አንድ፣ የምትገድዪ አራት» አሉኝ። እኔ የማውቀውን ሥራ አነሳሁላቸው። ጊዜው ያለፈበት ክኒን መልኩ አይለወጥም፤ ቀለሙም፣ ቅርጹም፣ ሽታውም ያው ነው። እኔ ግን መደርደሪያ ላይ አላስቀረውም። ከአንድ ካርቶን የወጡ አራት ብልቃጦች ቢኖሩኝና አንዱ መበላሸቱን ባውቅ፣ ሦስቱን ለሰው አልሸጥም። እነዚህ አራት ቫልቮች እዚያው ሞተር ውስጥ አብረው ኖረዋል፣ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው የለም። ብረት ስንት ጊዜ እንደተመታ፣ ስንት ጊዜ ቀልቶ እንደቀዘቀዘ ፊቱ ላይ አይጻፍበትም። ድካሙ ውስጡ ነው።

ጋሼ ግን ዝም ብሎ መልስ የሚሰጥ ሰው አይደሉም። «ልጄ» አሉኝ፣ «አንቺ አዲስ ስትዪ ጥሩ ማለትሽ ነው። እኔ አዲስ ስልሽ ምን እንደሆነ አላውቅም ማለቴ ነው። ይሄኛው ቢያንስ ስንት ዓመት እንደሠራ አይቼዋለሁ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።» ለዚህ ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ዕድሜያቸውን የበላ ዕውቀት ነው። ገበያው ውስጥ ስም በሌለው ፕላስቲክ የሚሸጥ ዕቃ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ከመጥፎ አዲስ ጥሩ አሮጌ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ከኪስ ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም።

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። አዲስ እናስመጣ፣ ሲመጣ አብረን እንፈትሸው፤ ካላሳመነን የድሮዎቹን ሦስቱን እሳቸው ይፍተጓቸው።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ነው፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ አራት ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልን። ከፕላስቲኩ ሳወጣቸው ያብለጨልጫሉ። ጋሼ ከኔ ቀድመው እጃቸውን ለማግኔቱ ዘረጉ። ጠፍጣፋው ራስ ላይ ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። በአራቱም ላይ እንዲሁ። ማግኔት ብቻውን ሁሉን ነገር አይናገርም። ግን እሳት የሚያልፍበት ራስ እንደ ማስገቢያ ቫልቭ ተራ ብረት ከሆነ ለእኛ ሞተር አይሆንም አልን። ጋሼ «አላልኩሽም?» አላሉኝም። ዝም ብለው መልሰው በፕላስቲኩ ጠቀለሉልኝ። መለስናቸው። ሁለተኛዎቹ ከአሥር ቀን በኋላ መጡ። የየራሳቸው ካርቶን፣ ዘንጋቸው ላይ የተመታ ምልክት፣ ራሳቸውን ማግኔት አይነካም። ማይክሮሜትሩ ከላይ እስከ ታች 7.92 አለ፣ ሦስቱም ቦታ። መስታወቱን ይዤ ሄጄ ነበር። ማስመሪያው አራቱ ላይ ተኛ፣ አልተነቃነቀም። ከጎናቸው የድሮውን ቁጥር 3 ሳቆመው ማስመሪያው ተነሳ።

ጋሼ የድሮዎቹን ሦስት ቫልቮች አንስተው የቁርጥራጭ ብረት ጣሳ ውስጥ ጣሏቸው። ድምፁን ወደድኩት።

አዲስ ቫልቭ በሰፋ ጋይድ ውስጥ መክተት ግን አዲስ ጫማ በጭቃ ውስጥ እንደማድረግ ነው። የጭስ ማውጫ ጋይዶቹ ሰፍተው ነበር። ቫልቩን ትንሽ ከፈት አድርጎ ራሱን በጣት መነቅነቅ ነው፤ ወዲያ ወዲህ ካለ አለቀ። ቴስታታዎቹን ወደ ቶርኖ ቤት ወሰድናቸው። ጋይዶቹ ተቀየሩ፣ መቀመጫዎቹ በ45 ዲግሪ እንደገና ተቆረጡ። ከቫልቭ መቀመጫው እስከ ካንዴላው ቀዳዳ ያለውንም ቦታ በደንብ አየነው፣ ቮልስ ቴስታታ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያ ጋ ነው። የኛ ደህና ነበር።

ማስገቢያዎቹን አራቱን ግን መልሰናቸዋል። ይህን የምለው «ሁሉን ቀይሩ» የምል እንዳይመስላችሁ ነው። በቀዝቃዛ ቦታ የኖሩ ናቸው፣ ዘንጋቸው አልተበላም፣ ጠርዛቸው ወፍራም ነው፣ ቀጥ ያሉ ናቸው። እነሱን መጣል ብክነት ነበር። በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ብዙ ያልሠራ የኮሮላ ሞተር ቢሆን ደግሞ የጭስ ማውጫውንም ቢሆን ለክቼ እመልሰው ይሆናል። ጠርዙ ተሞርዶ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ካልሳሳ፣ ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ ከሌለ፣ ፊቱ ላይ በፍተጋ የማይጠፋ ጉድጓድ ከሌለ። ጠርዙ ምላጭ የሆነ ቫልቭ ሙቀት መያዝ አይችልም፣ ቶሎ ይቃጠላል። በአየር በሚቀዘቅዝ አሮጌ ቮልስ ላይ ግን የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ ሞተሩ ከተከፈተ አይቀር፣ ይቀየር። አራት ቫልቭ ከአንድ ፒስተንና ካሚሻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ዋጋ ጋር አይወዳደርም። መንገድ ላይ ከነቤተሰብ መቆምን ዋጋ ልተምነው አልችልም።

መፈተጉን ጋሼ ለእኔ ሰጡኝ። ጫፉ ላይ የጎማ መምጠጫ ያለው እንጨት አለ። እሱ የቫልቩን ራስ ይይዛል። ጠርዙ ላይ ሦስት ቦታ የምስር ፍሬ የምታህል አሸዋማ ቅባት ይቀባል። ከዚያ እንጨቱን በሁለት መዳፍ መሃል፣ ብርድ ላይ እጅ እንደሚያፋትግ ሰው፣ ወዲህ ወዲያ ማሽከርከር ነው። በየመሃሉ ቫልቩን አንሥቶ ትንሽ አዙሮ መመለስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሻካራ ድምፅ አለው፣ ወፍጮ ላይ ጥሬ እንደሚፈጭ። ቆይቶ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ጊዜ አውጥቼ ጠረግሁት። መቀመጫው ላይ ዙሪያውን ያልተቋረጠ፣ ግራጫ፣ ብርሃን የማይመልስ ቀለበት ወጣ። ጋሼ በትንሿ ጣታቸው ነክተው «ይሄ ነው» አሉ። ቅባቱን እስከ መጨረሻው ማጠብ ግዴታ ነው። የቀረ ጋይድ ውስጥ ከገባ አዲሱን ሁሉ ይበላል። እኔ ሦስቴ በቤንዚን አጠብኩት። ከዚያ ሞላዎቹ ተገጥመው በጭሱ መውጫ በኩል ቤንዚን ሞላንና ቴስታታውን ጋደም አድርገን ጠበቅን። ዋናው ፈተና ይህ ነው። ጋሼ ሲጋራ የሚያጨሰውን ጎረቤታቸውን ከግቢው አስወጡት። ሩብ ሰዓት አለፈ። በቫልቮቹ ዙሪያ ላብ የምታህል እርጥበት አልታየችም።

ጥር 5 ቀን ሞተሩ ተመልሶ ገባ። ከተራ ሳይደርስ መጨረስ ነበረብን፣ ጥምቀት ሲመጣ ጎንደር ውስጥ በመኪና የሚታሰብ ነገር የለም። የአየር መምሪያ ቆርቆሮዎቹን አንድም ሳይቀር መልሰን ገጠምን። ብዙ ቮልስ ላይ ሞተር ሲወርድ «ይሄ ምን ያደርጋል» ተብለው የሚጣሉት እነሱ ናቸው፣ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት ግን እነሱ ናቸው። ክፍተቱን ስምንቱም ላይ 0.15 አድርጌ እኔው ሠራሁት። አባዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቁልፉን ለእሱ ሰጠሁት።

በሁለተኛው ተነሳ። ጠክ ጠክ ጠክ ጠክ።

ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። አባዬም ከመስኮቱ ራሱን አውጥቶ አዳመጠ። «ይጮሃል» አልኩት፣ ምን እንደሚል ለመስማት። «ይጩኽ» አለ። «ልክ ነው፣ ይጩኽ።»

ከዚያ ወዲህ 1,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ባሕር ዳር ሁለቴ ደርሰን መጥተናል። ማክሰኚትን ስናልፍ አባዬ ወሬውን ቆም አደረገ፣ ከዚያ ቀጠለ። ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ ለካሁ። ደብተሬ ላይ ያለው ይህ ነው፦ አንደኛ 0.15፣ ሁለተኛ 0.15፣ ሦስተኛ 0.15፣ አራተኛ 0.16።